ሐንሳ ካኖን፦ በዕቃው ላይ የማን ስም ይጻፍ?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የጃፓን ካሜራ ሠሪና ካሜራውን ገበያ ስላወጣለት አከፋፋይ ነው። «ቶኪዮ የተሠራ ዕቃ ለደብረ ብርሃን ሰው ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ስለ ጃፓን በአማርኛ ከተጻፉት መጻሕፍት ስማቸው የገነነው ሁለቱ የሰሜን ሸዋ ልጆች ሥራ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ተወላጅ ናቸው፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። ክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤል ደግሞ የመንዝ ሰው ናቸው፤ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን በ1946 ዓ.ም. ለአንባቢ አቀረቡ። ከዚሁ ደጋ የወጡ ሁለት ሰዎች በሁለት ዘመን ያችኑ አገር ተመለከቱ። እነሱ ስለ ሕዝብና ስለ መንግሥት ጻፉ። እኔ ጉዳዩን አሳንሼ፣ በአንገት በሚንጠለጠል አንድ ዕቃ በኩል ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እጠራለሁ። ሁለቱ ሲገናኙ አስታውሳችኋለሁ።

አንኮበር በሰው እጅ ስትሣል

ከጎረቤታችን ከአንኮበር ልነሣ። ፎቶግራፍ በ1839 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለዓለም ተገለጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ገባ። የአገሩን መልክ ለመያዝ ያስከተለው ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። የበርናትዝ ሥዕሎች በ1852 በለንደን ታትመው ወጡ፤ አንኮበርንና ሸዋን አይቶ የማያውቅ አውሮፓዊ ያያቸው በእነዚያ ሥዕሎች ነው።

ቀጥሎ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች መጡ። በኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመሩት እነዚህ ሰዎች ከ1876 በኋላ ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ጣቢያ አቋቋሙ፤ አንቲኖሪም እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። በ1879 አልፍሬድ ኢልግ የተባለው ወጣት የስዊስ መሐንዲስ አንኮበር ገብቶ የምኒልክ ባለሟል ሆነ። ኢልግ ፎቶ ማንሣት የሚወድ ሰው ነበር፤ የፎቶ ስብስቡ ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል። በ1887 የካቲት ላይ ደግሞ ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር የደረሰው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ፣ ከአራት ዓመት በፊት ሐረር ላይ ካሜራ አስመጥቶ ፎቶ ያነሣ የነበረው ሰው ነው።

በኋላም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያውን ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ወረሱት። ኢትዮጵያዊው ሽመልስ ደስታ የቤተ መንግሥቱን ካሜራ እስከሚይዝ ድረስ ዘመናት አለፉ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ወቀሳ ፈልጌ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ባያነሡልን ዛሬ የምናየው ባልኖረ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መልኩ የኛ ነው፤ ተራራው የኛ ነው፤ በሥዕሉ ግርጌ የተጻፈው ስም የሌላ ሰው ነው። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ይህ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለዕቃም ይሠራል። የዕቃ ስም ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚያልፍ የጃፓኑ ካሜራ ታሪክ ከምንም ይበልጥ ያሳየናል።

ኅሩይ ጃፓን ሲደርሱ

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አወጀች። አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገው ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በመርከብ ወደ ጃፓን ተጓዙ። በአውሮፓ አቆጣጠር ኅዳር 1931 መሆኑ ነው። ፋብሪካውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ከተማውን ዞረው አዩ። በዚያ ዘመን የጃፓን አቡጀዲ የኛን ገበያ ሞልቶት ስለ ነበር ዕቃውን ከሰዎቹ በፊት እናውቀው ነበር።

ታዲያ ኅሩይ ያዩት ጃፓን መርከብና ጨርቅ የሚሠራ፣ ጥሩ የእጅ ካሜራ ግን ገና የሚቸግረው አገር ነበር። የዘመኑ ምርጥ ትንሽ ካሜራ የጀርመኑ ላይካ ነው። በ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚሠራ፣ ኪስ የሚገባ፣ በፍጥነት የሚያነሣ። ዋጋው 420 የን ይደርስ ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ታላቅ ባንክ የተቀጠረ ወጣት በወር የሚያገኘው 70 የን ነው። አንድ ላይካ ማለት የተማረ ሰው የስድስት ወር ደመወዝ ነበር።

ስለዚህ በ1931 በካሜራ ረገድ በእነሱና በኛ መካከል የነበረው ርቀት ዛሬ እንደምናስበው የሰማይና የምድር አልነበረም። ሁለታችንም ገዢ ነበርን። ልዩነቱ የመጣው በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ነው።

ላይካን የፈታው ሰው

ጎሮ ዮሺዳ ከወጣትነቱ ጀምሮ የሲኒማ ካሜራና ፕሮጀክተር የሚጠግን ሰው ነበር። መለዋወጫ ለመግዛት ሻንጋይ ይመላለስ ነበር። እዚያ ያገኘው አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ «የጦር መርከብ የምትሠሩ ሰዎች ካሜራ መሥራት እንዴት ያቅታችኋል? ለመለዋወጫ እዚህ ድረስ መምጣት ጊዜ ማባከን ነው» እንዳለው ይተረካል። ዮሺዳ አገሩ ተመልሶ አንድ ላይካ ገዛና ብሎን በብሎን ፈታው።

በኋላ እንደ ተናገረው፣ ውስጡ አልማዝ አላገኘም። ናስ፣ አሉሚኒየም፣ ብረትና ላስቲክ ነበር። ይህ ሁሉ ርካሽ ነገር አንድ ላይ ሲገጠም እንዲያ መወደዱ አናደደው። ይህን ንዴት ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው ውድ ዕቃ ሲያይ ወይ ይመኛል፣ ወይ ያማርራል። ዮሺዳ ፈትቶ አየና የተከፈለው ለማቴሪያሉ ሳይሆን ለእጅ ጥበቡ እንደ ሆነ ደረሰበት። እጅ ደግሞ እሱም ነበረው።

በ1933 ዮሺዳ ከእኅቱ ባል ከሳቡሮ ኡቺዳ ጋር ሆኖ በቶኪዮ ሮፖንጊ ሠፈር፣ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራየ። ስሙን «የረቂቅ ኦፕቲካል መሣሪያዎች ላቦራቶሪ» አሉት። ኡቺዳ የአክሲዮን ሻጭ ነበር፤ ታኬዎ ማኤዳም ከዚያው ሙያ የመጣ የሥራ ባልደረባው ነው። ታኬሺ ሚታራይ የተባለ የማህፀን ሐኪም ወዳጃቸውም በገንዘብ አገዛቸው። አንድ ጠጋኝ፣ ሁለት የአክሲዮን ሰዎች፣ አንድ ሐኪም! ከመካከላቸው ሌንስ መሥራት የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

በ1934 የካሜራቸውን ማስታወቂያ በመጽሔት አወጡ። ዮሺዳ ቡድሃን የሚያመልክ ሰው ስለ ነበር ካሜራውን በምሕረት አምላክ በካኖን ስም «ክዋኖን» ብሎ ጠራው፤ ብዙ እጅ ያላትን አምላክም ምልክቱ አደረገ። ካሜራው ግን ገበያ አልወጣም፤ ሙከራ ሆኖ ቀረ። ዮሺዳም በዚያው ዓመት ከድርጅቱ ወጣ። ነገሩን የጀመረው ሰው ፍሬውን በዚያ ቤት ሆኖ አላየም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ «አንድ ጎበዝ ሰው ሞክሮ አልተሳካለትም» ተብሎ ይረሳ ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ በየአገሩ ሞልቷል፤ በኛም አለ። ያተረፈው ቀጥሎ የመጣው ነው።

ሌንሱ የአንዱ፣ ሱቁ የሌላው

ካሜራ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ሌንስ፣ አካልና ገዢ። በሮፖንጊ ያሉት ሰዎች የሚችሉት አካሉን ብቻ ነበር፤ ፊልሙን የሚያንቀሳቅሰውን፣ ብርሃኑን ለቅጽበት ከፍቶ የሚዘጋውን መጋረጃ፣ ሣጥኑን። ሌንስ ማለት ግን ልዩ መስታወት ቀልጦ፣ ተሞርዶ፣ ከፀጉር በቀጠነ ልክ ተስተካክሎ የሚወጣ ነገር ነው። ይህን የሚችል በጃፓን አንድ ትልቅ ቤት ነበር፤ በ1917 ተመሥርቶ ለጦር ኃይሉ መነጽርና መለኪያ የሚሠራው ኒፖን ኮጋኩ። ዛሬ ኒኮን የምንለው እሱ ነው።

ስለዚህ ሄደው ጠየቁት። ኒፖን ኮጋኩም «ኒኮር» የተባለውን 50 ሚሊሜትር ሌንስና የርቀት መለኪያውን ሊሠራላቸው ተስማማ። የሮፖንጊው ላቦራቶሪ በኋላ ካኖን ተባለ፤ በኋላ ዘመን እርስ በርስ የሚፎካከሩት ካኖንና ኒኮን፣ በመጀመሪያው ካሜራ ላይ አንዱ አካል፣ ሌላው ዓይን ሆነው ተገጠሙ።

ገዢው ቀረ። እንግዲህ የነጋዴውን ነገር እዚህ ላይ ስሙልኝ፤ እኛ አገር ነጋዴን ከሠሪ አሳንሰን ማየት ይቀናናልና። ኦሚያ የተባለ የፎቶ ዕቃ አከፋፋይ ነበር፤ የንግድ ምልክቱ «ሐንሳ» ነው። አከፋፋይ በአንድ ጊዜ በዛ አድርጎ ይረከባል፤ ለየከተማው ሱቅ ያደርሳል፤ ገዢው ምን እንደሚፈልግ፣ ስንት እንደሚከፍል፣ ምን እንደሚያማርር ከሠሪው በፊት ይሰማል። ትንሽ ወርክሾፕ ደግሞ አንዱን ሸጦ ሌላውን እስኪሠራ ድረስ መቆየት አይችልም፤ ደመወዝ በየወሩ ይመጣል። ሚስማሩና ናሱም በዱቤ አይገኝም። ኦሚያ ለማከፋፈል ተስማማ። ዋጋው ግን የራሱ ምልክት በካሜራው ላይ እንዲወጣ ነበር።

በየካቲት 1936 ካሜራው ገበያ ወጣ። በግንባሩ ላይ የተቀረጸው «ሐንሳ ካኖን» ነው። የሻጩ ስም ቀደመ፤ የሠሪው ተከተለ። ሌንሱ ላይ ደግሞ የኒፖን ኮጋኩ ስም አለ። ዋጋው 275 የን፣ ከላይካው በብዙ የረከሰ።

እስቲ አስቡት፤ ካሜራውን የገጣጠሙት ሰዎች በገዛ ሥራቸው ላይ እንደ እንግዳ ሆነው ተጻፉ ማለት ይቻላል። ኩሩ ሰው ቢሆን «ስሜ ካልቀደመ አልሠራም» ባለ ነበር። እነሱ ግን ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ስማቸው ሁለተኛ ሆኖም ቢሆን እንዳይጠፋ «ካኖን» የሚለውን አስቀድመው በ1935 በንግድ ምልክትነት አስመዘገቡት። ሁለተኛ፣ ከሌላው የተበደሩትን ነገር ቀስ በቀስ ራሳቸው መሥራት ተማሩ። በ1937 ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ የራሱን ሌንስ ለመሥራት ክፍል አቋቋመ። በ1940 ደግሞ በጃፓን የመጀመሪያ የተባለውን የኤክስሬይ ካሜራ ሠራ፤ የሳንባ ነቀርሳን በብዙ ሰው ላይ ቶሎ ለመመርመር የሚያገለግል ነበር። ገንዘብ ያገዘው ሐኪም ሚታራይ በ1942 ፕሬዚዳንት ሆነ።

የቀን መቁጠሪያውን እዚህ ላስታውሳችሁ። የካቲት 1936 በኛ የካቲት 1928 ዓ.ም. ነው። ሐንሳ ካኖን በቶኪዮ ሱቆች ሲደረደር፣ ሰሜን ግንባር ላይ የኢጣሊያ አውሮፕላን ቦምብና መርዝ ያዘንብብን ነበር። ያን አገር አይተው «እንማርበት» ያሉት ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ በ1938 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ዐረፉ። ጃፓንም ብትሆን በ1936 ማብቂያ የኢጣሊያን ወረራ ተቀበለች። ስለዚህ «ጃፓን ጎበዝ፣ እኛ ሰነፍ» የሚለው ተረት አይገባኝም። እነሱ ካሜራ ሲገጣጥሙ እኛ ለነፃነታችን እንሞት ነበር። ይህ ግን ከትምህርቱ አያወጣን፤ እነሱም ብዙ ሳይቆዩ ከተማቸው በቦምብ ነደደ፤ ከዐመዱ ተነሥተው እንደ ገና ጀመሩ።

አሜሪካ ላይ የተዘጋው በር

ጦርነቱ በ1945 ሲያልቅ የካኖን ደንበኛ የሆኑት አገሩን የያዙት የአሜሪካ ወታደሮች ነበሩ። በ1947 ድርጅቱ ስሙን ለውጦ «ካኖን ካሜራ» ሆነ። ከሐንሳ ጀርባ የነበረው ስም በሩ ላይ ወጣ።

በ1950 ሚታራይ አሜሪካ ሄዶ ቤል ኤንድ ሃውል የተባለውን ትልቅ የሲኒማ ካሜራ ድርጅት «ካሜራዬን ሽጡልኝ» አለ። አልተሳካም። በውጭ ጦር ሥር ያለ አገር ዕቃ ገዢው ዘንድ ስም አልነበረውም፤ የሚሠራበት ቤትም ለእሳት የሚያሰጋ የእንጨት ነበር። ሚታራይ ቂም ይዞ አልተመለሰም፤ በ1951 ፋብሪካውን ቶኪዮ ሺሞማሩኮ ወደሚገኝ የኮንክሪት ሕንፃ አዛወረው። በዚያው ዓመት የውጭ አገር ሽያጩን ጃርዲን ማቴሰን ለተባለው አሮጌ የእስያ ነጋዴ ቤት ሰጠ። በ1955 ኒው ዮርክ ላይ የራሱን ቅርንጫፍ ከፈተ።

የጃፓንን ካሜራ ስም የለወጠ ሌላም ነገር ነበር፤ የኮሪያ ጦርነት። በ1950 «ላይፍ» የተባለው መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንከን ቶኪዮ ላይ የጃፓን ሌንስ ሞክሮ ጥራቱ አስደነገጠው። በዚያ ሌንስ ያነሣቸው የጦር ሜዳ ፎቶዎች አሜሪካ ሲደርሱ የሙያው ሰዎች ጆሮአቸውን አቀኑ። የኛ ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የገባው ያ ወሬ ገና ትኩስ ሳለ ነው።

ግን አንድ ጎበዝ ሌንስ የአገር ስም አያስጠራም፤ አንድ ብልሹ ካሜራ ግን ያጠፋል። ሠሪዎቹ ይህን ስላወቁ በ1954 አንድ የጋራ መርማሪ ድርጅት አቆሙ። ወደ ውጭ የሚላክ ካሜራ ሁሉ ይመረመር ነበር፤ ያለፈው ትንሽ እንቁላል ቅርጽ ያለው ወርቃማ ወረቀት ይለጠፍበት ነበር፤ ላዩ ላይ «አልፏል» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነበረ። እቤታችሁ የአባታችሁ አሮጌ የጃፓን ካሜራ ካለ ገልብጣችሁ እዩት፤ ምናልባት ወረቀቷ አሁንም አለች። ተፎካካሪዎች ተሰብስበው «አንዳችን ካበላሸን ሁላችንም እንጠፋለን» ያሉበት ማኅተም ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን በካሜራ ምርት ምዕራብ ጀርመንን አለፈች።

በ1961 ያ በር የዘጋው ቤል ኤንድ ሃውል ራሱ የካኖን አከፋፋይ ሆነ። አሜሪካ የሚሸጠው ካሜራ ላይ እንደ ገና ሁለት ስም ተጻፈ፦ ቤል ኤንድ ሃውልና ካኖን። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ሐንሳ ተመለሰ ማለት ነው። በዚሁ ዓመት «ካኖኔት» የተባለው ርካሽ ካሜራ በ18,800 የን ጃፓን ላይ ሲወጣ፣ ለሳምንት የታሰበው ክምችት በሰዓታት ውስጥ አለቀ። ጊዜው ሲደርስ ካኖን አሜሪካም ውስጥ ሽያጩን ከሌላው እጅ ወስዶ በስሙ ብቻ ቀጠለ። በ1976 ኮምፒውተራዊ ቺፕ የገባለትን ኤኢ-1 ሲያወጣ በግንባሩ የነበረው አንድ ስም ነው።

እዚህ ደብረ ብርሃን

ካሜራ እንሥራ አልልም። የካሜራው ዘመን ራሱ ወደ ስልክ ገብቷል፤ ፎቶ ቤት የነበራችሁ ከኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ፊልም ማጠቡ ቀረ፤ ጉርድ ፎቶና ሠርግ ባይኖር ስንቱ ቤት በተዘጋ። የማነሣው ሌላ ዕቃ ነው፤ ባና።

የመንዝ በግ ፀጉሩን ይሰጣል፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ይሠራዋል። በዚህ ብርድ ባናና በርኖስ ስንት ትውልድ እንዳሞቀ መናገር አያሻኝም። ምንጣፉንም ጨምሩበት። ባናውን ገልብጣችሁ እዩ፤ የማን ሥራ እንደ ሆነ የሚል ጽሑፍ አታገኙም። መንገደኛው ደብረ ብርሃን ላይ ይገዛዋል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ «የሸዋ ነው» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ «የኢትዮጵያ» ይሆናል። ጥሩ የሠራውና ያበላሸው አንድ ዋጋ ያገኛሉ፤ ምክንያቱም ገዢው ሁለቱን የሚለይበት ምልክት የለውም። ያለ ምልክት ደግሞ ጥራት ልፋት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከሐንሳ ካኖን የምወስደው ሦስት ነገር ነው። ሁሉን ራሴ ካልሠራሁ አትበሉ፤ ሌንሱን ከሚችለው ውሰዱ። የቀለሙን ነገር የሚያውቅ ካለ ቀለሙን እሱ ያቅልም፤ ፋብሪካ የተሻለ ክር ካወጣ ክሩን ከሱ ግዙ። ሁለተኛ፣ አከፋፋዩን ጠላት አታድርጉት። ስሙ ከፊት ይቅደም ካለ ይቅደም፤ የናንተ ግን ከኋላውም ቢሆን ይኑር፤ ተመዝግቦም ይኑር። ስማችሁን ጨርሶ የሚያጠፋ ውል ግን ዛሬ ቢያበላችሁም ነገ ይበላችኋል። ሦስተኛ፣ በዚያች ወርቃማ ወረቀት ቦታ የሚሆን የጋራ ምርመራ አቁሙ። የመንዝ፣ የአንኮበርና የደብረ ብርሃን ሸማኔዎች ተሰብስበው «ይህ ልክ ነው፣ ይህ አይደለም» የሚሉበት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሳያፍር የሚመልስበት። ከሦስቱ ይህ ከባዱ ነው፤ የሥራውን ጉድለት ለወንድም መንገር ገንዘብ ከማግኘት ይከብዳልና። የጃፓን ሠሪዎች ያሸነፉት ግን እሱን ከቻሉ በኋላ ነው።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ የዮሺዳን ንዴት ያዙ። ስልክ የምትጠግኑ ልጆች በየቀኑ የምትፈቱት ዕቃ ውስጥ አልማዝ የለም። የተከፈለበት እጅ ነው። ግን ዮሺዳ ሙከራ ብቻ እንዳስቀረ፣ ካሜራው ገበያ የወጣው ሌንስ ሠሪውና ነጋዴው ሲጨመሩ እንደ ሆነ አትርሱ። ጎበዝ ጠጋኝ ከሆናችሁ ዛሬ ማታ ከመለያየታችን በፊት ከአንድ ነጋዴ ጋር ተዋወቁ። ነጋዴ ከሆናችሁም እጁ የሚሠራ ሰው ፈልጉ፤ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለ።

አሁን ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ ተናገሩ፤ በተለይ ሸማኔዎችና ባለ ሱቆች፣ በሁለተኛው ነጥብ ላይ እንደማትስማሙ እገምታለሁና ከእናንተ እንጀምር።